ሰሙ ዶሮ ነው

ወግዲ ውስጥ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ከዓባይ ማዶ ጎጃም በሚታይበት አንድ መንደር፣ ዋሸራ ድረስ ወርደው ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ነበሩ። በአካባቢው ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ የፍርድ ቤት መጥሪያም የዘመድ ደብዳቤም የሚነበበው በእሳቸው ነው። ሠርግ ቢሆን ተዝካር፣ ከፍ ያለው መቀመጫ የእሳቸው ነው።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ወደ ገጠር ሲዘልቅ አንዲት ወጣት ዘማች ከመንደሩ ደረሰች። የፊደል መማሪያዎቹ ገና በበቅሎ እየመጡ ስለነበር በእጇ ያለው አንድ የሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ ብቻ ነው። ጽሑፍ የለውም። ዶሮ ጫጩቶቿን ትመራለች፤ አህያ ተጭና ቆማለች፤ ጅብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እረኞቹ ከበው አዩና "ዶሮ! አህያ! ጅብ!" እያሉ ሳቁ። አለቀ።

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ግን ነገሩ ከነከነው። ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ አይቶ አያውቅማ። በሰውየው አይፈረድም፤ መጽሐፍ የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በ1975 የታተመው "ኦሮማይ" ከገበያ ተለቅሟል፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መጽሐፉን ዘረጋ።

"መሪጌታ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ምን ትላለች?"

መሪጌታ ገለጡ። ዶሮ ናት። ገለጡ። አህያ ናት። እንደዚያው ሊናገሩ ቀና ሲሉ የቆመው ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። ዶሮዋንማ እረኛውም ለይቷታል።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሰሙ ዶሮ ነው" አሉ።

"ወርቁስ?"

"ጫጩቶቹ ለሚሊሻ የሚወሰዱብን ልጆቻችን ናቸው። አህያዋ ገበሬው ነው፤ ጭነቱ ግብሩና መዋጮው።"

"ጅቡስ?"

መሪጌታ አሁን ሞቋቸዋል። "ጅቡማ… ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻ የተቀመጠው ማነው?"

በዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። መሪጌታን አልተቆጣቸውም፤ ሴራ ስላጋለጡ በሕዝብ ፊት አመሰገናቸው። መጽሐፉንም በጥይት ሣጥን ከትቶ ቆለፈበት። ዘማቿ "ኧረ የልጆች ነው!" ብትል ማን ሰምቷት።

ቁልፉ የማይዘጋው ግን በመስኮቱ ተንጠልጥለው ሲሰሙ የነበሩትን እረኞች ነው። በማግሥቱ ሊቀመንበሩ በግጦሹ በኩል ሲያልፍ አንዱ ትንሽ ልጅ "አያ ጅቦ መጣ!" አለ። ሳምንት ሳይሞላ ምንጭ ወራጆቹም ባልቴቶቹም ስሙን ያዙት። አስገረፈ፤ ባሰበት። እስከዚያ ስብሰባ ድረስ ጅብን ከእሱ ጋር ያሰበ አንድ ነፍስ አልነበረም።

መሪጌታ ይህን ሁሉ አዩ። የፊደል መማሪያው ከመካነ ሰላም መጥቶ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ዶሮ ቢኖርበት፣ ሊቀመንበሩ እንደገና አስጠራቸው። በዚህኛው ስብሰባ ወንበር የሚባል አልነበረም፤ ሁሉም ቆሟል።

"ዶሮ ናት" አሉ መሪጌታ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምን አለ፤ ዶሮ ናት።"

"ዋሸራ ድረስ የወረዱት ዶሮ ለመለየት ነው?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚነገር ቢሆን ኖሮ መሪጌታ አይደብቁንም ነበር፤ ያለፈውን ያህል ነገር የደፈሩ ሰው በዚህኛው ዝም ካሉ፣ ጉዱ ቢከፋ ነው። መሪጌታ በማርያም ማሉ። ሰዉ ይብሱን ፈራ። የማሉት ቢጨንቃቸው ነው ተባለ።

መማሪያዎቹ በሙሉ ከሥዕሉ መጽሐፍ ጎን ተቆለፉ። ዘማቿም ሻንጣዋን ይዛ ወደሚቀጥለው መንደር ተዛወረች፤ እዚያ ያሉት ልጆች ያንኑ ዶሮ አይተው፣ ሽፋኑን ገልጠው፣ ሀ ሁ ብለው ተማሩ።

ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ሣጥኑ ተሰበረ። ውስጡ ያለውን ወረቀት አይጥ ጨርሶታል። "አያ ጅቦ!" እያሉ ሲሮጡ የነበሩት እረኞች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ግብር ሲከፍሉ የሚፈርሙት በጣታቸው ነው።