ሕግ ስለማይደርስባት ጣት

አንድ ክርስቲያን በእጅ ስልኩ ላይ የባልንጀራውን ስም የሚያጐድፍ ጽሑፍ ቢያገኝ፥ እርሱ ራሱ አንዲት ቃል ሳይጽፍ «ላይክ» የሚሉትን የመውደድ ምልክት ብቻ ቢነካ፥ በደለኛ ነውን? ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በዘመናችን እጅግ ብዙ ሰው ዕለት ዕለት የሚያደርገው ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባል።

የአገራችንን ሕግ ብንጠይቅ በደለኛ አይደለም ይለናል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰትን የሚያሠራጨውን ሰው በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ ሐሰቱ ከ5,000 የሚበልጡ ተከታዮች ባሉት ገጽ የተሠራጨ እንደ ሆነም እስራቱን እስከ 3 ዓመት ያደርሰዋል። የመውደድን ምልክት መንካት ግን ከማሠራጨት አይቈጠርም ብሎ ለይቶ ትቶታል። ይህም መልካም ነው፤ ዳኛ በየሰዉ ጣት ላይ ይፍረድ ቢባል ፍርዱ ግፍ ይሆናልና። ነገር ግን ዳኛ የተወውን ሁሉ ኅሊናም ይተወዋል ማለት አይደለም።

«የእኔ አንዲት ጣት ምን ትጨምራለች?» የሚል አይታጣም። ለዚህ ሰው የመንዝ አባቶች አስቀድመው መልስ ሰጥተውታል። በመንዝ ጌራ ምድር ያለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን የሁሉ ሀብት ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩ አንዳንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ተከልሎ ሲቈይ፥ በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣ ነበር። አንድ ሸክም ሣር ያን ሰፊ ደጋ እንደማያራቍተው አባቶች አልጠፋቸውም። ደጋውን የሚያራቍተው ግን እያንዳንዱ «የእኔ አንድ ሸክም ብቻ ነው» ማለቱ እንደ ሆነ ተረድተው ነበር። የሰው ስምም እንደዚሁ ነው። ፌስቡክና መሰሎቹ ብዙ ሰው የነካውን ጽሑፍ ለሌላ ብዙ ሰው ያቀርባሉ፤ ስለዚህ ምልክቱን የነካ ሰው ተመልካች ብቻ አይደለም፥ ሐሜቱን ወደ ጎረቤት ደጅ ከሚያደርሱት ተሸካሚዎች አንዱ ነው።

«እንግዲያስ መሣሪያውን እንተወውን?» ቢባል፥ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በተፈተነች ጊዜ ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ የተላለፈው ጥሪ በዚሁ መንገድም ለብዙዎች ደርሷል። ወዲያውም ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ተገድበው ቈዩ። ከዚህ የምንማረው አለ፤ መዝጋት ጣትን ያስቆማል እንጂ ልብን አያርምም። በሩ ሲዘጋም ሲከፈትም ያው ሰው ነውና፥ እርማቱ ከውስጥ መምጣት አለበት።

ለዚህ እርማት የቅኔ ቤት ልማድ ይጠቅመናል። ተማሪ ቀን የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቅኔው ለተማሪው የቱንም ያህል ቢያምርበት ሳይታረም በጉባኤ አይቆምበትም። በመቍጠርና በማሰማት መካከል ያለችው ያች ጊዜ ለቃል የተሰጠች ክብር ናት፤ ስልክ የነሣንም እርሷን ነው። መምህር አጠገባችን ባይኖር እንኳ ሌሊት አለልን። ቍጣ ያስነሣብንን ጽሑፍ አንድ ሌሊት እናሳድረው፤ ሲነጋም ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ እውነት ነውን? የተነቀፈው ሰው ቃል ተሰምቷልን? ወንጌል እንዳዘዘን በደሉን አስቀድሞ ለብቻው የነገረው ሰው አለን? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ጣቱን ይሰብስብ።

ይህን ያደረገ ሰው ማንም አያመሰግነውም፥ ያልነካው ምልክት አይታይምና። ነገር ግን የማያውቀው ሰው ስም በእርሱ በኩል ሳይጐድፍ አድሯል፤ ለባልንጀራ ከሚደረገው ፍቅር አንዱም ይህ ነው።