ርካሽ ሁሉ ርኩስ ነውን?

በአማርኛ «ረከሰ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የዋጋ ማነስ ነው፤ ሁለተኛው የንጽሕና መጉደል ነው። «ርካሽ»ም «ርኩስ»ም ከዚሁ ከአንዱ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። የቅኔ ተማሪ እንዲህ ያለውን ቃል ባገኘ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ሰሙን በገበያ፥ ወርቁን በነፍስ ላይ ያውለዋልና። ነገር ግን ጉዳዩ የቃል ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሐራጅ አደባባይ ወደ እጅ ስልክ በገባበት በዚህ ዘመን፥ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ዕቃ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው፥ ያገኘው ርካሽ ነው ወይስ ርኩስ? ብሎ ራሱን መመርመር ይገባዋል።

በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚኖር ሰው ስለ ዋጋ ክርክር አስተማሪ አያስፈልገውም። ሰኞ በባቲ፥ እሑድ በሰንበቴ በሚቆመው ገበያ ደገኛውና ቈለኛው፥ ኦሮሞው፥ አማራውና አፋሩ እህሉን፥ ከብቱን፥ ግመሉን ይዞ ይገናኛል። በዚያ ገበያ ገዥ የሻጩን ፊት ያያል። ሰውየው በሬውን የሚሸጠው አትርፎ ሌላ ሊገዛ ነው፥ ወይስ ለታመመ ልጁ መድኃኒት አጥቶ ነው? ይህን ከዐይኑ ያነባል፤ ያልገባው እንደ ሆነ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል። በችግር የመጣውን ሰው አንቆ የገዛ ገዥ ቢኖር፥ ያደረገውን ቢያንስ እያወቀ አድርጎታል።

በሐራጅ ግን የሻጩ ፊት አይታይም። በኢንተርኔት በሚደረገው ሐራጅ ደግሞ ሻጩም፥ ተፎካካሪውም፥ ዕቃውም ከሥዕልና ከቁጥር በቀር አይታዩም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሐራጅ ያወጣው ዋጋ ሁሉ የተፈረደ ዋጋ ነው ብሎ ያምናል፤ ሁሉ ተጋብዞ፥ ብዙ የሰጠ ወሰደ፤ ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከወዴት ይመጣል? ይላል። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው። ሐራጅ በገዥና በገዥ መካከል ዳኛ ነው እንጂ በገዥና በሻጭ መካከል ዳኛ አይደለም። ከተጫራቾች ማን እንደሚቀድም ይናገራል፤ ባለዕቃው ወዶ መጣ ወይስ ተገዶ፥ ዕቃውስ በእውነት የሻጩ ነው ወይስ የሌላ? ለሚለው ግን መልስ የለውም።

ይህ ማለት ሐራጅ በራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ «ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ» በሚባለው ውድድር የተመረጡ የኢትዮጵያ ቡናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት ሐራጅ ለዓለም ገዥዎች ቀረቡ። የአንደኛነትን ማዕርግ ያገኘው የሲዳማው ገበሬ የንጉሤ ገመዳ ቡና አንዱ ፓውንድ፥ ይኸውም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንሰው፥ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። በዚያው ወራት ተራው ቡና በኒውዮርክ ገበያ አንድ ዶላር ያህል ነበረ። ሻጩ ወዶ በመጣበት፥ የዕቃው ጠባይ ተመርምሮ በታወቀበት፥ ተጫራቾችም በበዙበት ቦታ ሐራጅ የድካምን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው ዐይነት ሐራጅ ባለዕዳው የሚያዝንበት ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፥ ብድሩ በጊዜው ያልተከፈለው ባንክ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ አንድ ምእመን ከወንድሙ እንባ ላይ ቤት አልገዛም ብሎ ቢርቅ ጽድቅ ይሆንለታልን? የሚራራ ሁሉ ከርቀት ቆሞ ቢያይ፥ የሚቀርቡት የማይራሩት ብቻ ይሆናሉ፤ ዋጋውም ይወድቃል፤ ባለዕዳው ቤቱንም አጥቶ ዕዳው ሳያልቅለት ይቀራል። ስለዚህ በቅንነት ዋጋ የሚጨምር ተጫራች ለባለዕዳው ጠላቱ አይደለም። ኀጢአቱ ያለው ተጫራቾች በስውር ተማክረው፥ አንተ ዛሬ ተው፥ እኔ ነገ እተውልሃለሁ ተባብለው ዋጋውን ሲያፍኑት ነው። ሻጭም በበኩሉ የራሱን ሰው አስገብቶ በሐሰት ዋጋ ቢያስጨምር ያው ነው፤ የእስልምና መምህራን ይህን «ነጅሽ» ብለው ይከለክሉታል፤ በዚህም የከሚሴ ክርስቲያንና የከሚሴ እስላም ፍርዳቸው አንድ ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ሐራጅ ባለቤቱ ፈጽሞ ያልተጠየቀበት ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከወሎ ምድር መውጣት አያስፈልግም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፥ የእንግሊዝ ጦር የቤተ መንግሥቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ሀብት ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሩ በነፍስ ወከፍ 4 ዶላር ገደማ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ አገኘ፤ ከዚህም በቀር የአቡኑን አክሊልና የወርቁን ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ ሁለቱን በ4 ፓውንድ ገዛ።

የደላንታው ሐራጅ በተጫራቾች መካከል ሥርዐት ነበረው፤ ጠሪም፥ ሒሳብ ያዥም ነበረው፤ ብዙ የሰጠ ወሰደ። ነገር ግን በመጽሐፉ የሚቀድሰው ካህን፥ በጽዋው የሚቈርበው ምእመን ከተጫራቾቹም ከሻጮቹም መካከል አልነበሩም። ዋጋው እንዲያ ዝቅ ያለበት ምክንያት የዕቃው ክብር አንሶ ሳይሆን፥ ክብሩን የሚያውቀው ስላልተጠራ ነው። ርካሽ የሚለው ርኩስ ወደሚለው የሚሻገርበት ድልድይ ይህ ነው።

ይህም የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። የግእዝ ብራናና የእጅ መስቀል ዛሬም በውጭ አገር የሐራጅ ገጽ ላይ ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የአገር ቅርስ በሕግ የተጠበቀ ሆኖ ሳለ፥ ዋጋው ግን አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ጫማ ዋጋ አይበልጥም። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ቢያይ ይጨነቃል፤ ቢገዛ የሌባውን ገበያ ያደልባል፤ ቢተው ብራናው ወደማያነበው ሰው እጅ ይገባል። መንገዱን የ2013 ዓ.ም. ሥራ ያሳያል። በእንግሊዝ አገር በዶርሴት፥ ከመቅደላ የወጡ ቅዱስ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ በቀረቡ ጊዜ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከሽያጩ አስወጣቸው፤ በኋላም «ሸህራዛድ» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ መለሳቸው። እንግዲህ አስቀድሞ ለኤምባሲው ማስታወቅ ይገባል፤ መግዛት ግድ ቢሆንም ገዥው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ዋጅ ይግዛ። የዋጀ ሰው ዕቃውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል እንጂ በግድግዳው ላይ አይሰቅለውም።

አባታችን አብርሃም ሣራ በሞተች ጊዜ ለመቃብር የሚሆን ዋሻ ከኤፍሮን ፈለገ። ኤፍሮን በሕዝቡ ፊት በነጻ ውሰድ አለው፤ አብርሃም ግን 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ርካሽ ቀርቦለት ሳለ ሙሉውን ዋጋ መረጠ፤ ሻጩ በአደባባይ የመሰከረበት፥ የልጅ ልጅ የማይከራከርበት ርስት ፈልጎ ነበርና።

በሐራጅ መልካም ግዢ የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ያድርግ። አስቀድሞ የዋጋውን ወሰን ይቍረጥ፤ በመጨረሻው ደቂቃ የሚጨምረው እልህ ነው እንጂ ብልሃት አይደለምና። የማጓጓዣውንና የቀረጡን ወጪ ከዋጋው ጋር ይደምር፤ የሻጩን የቀድሞ ሥራ ይመርምር፤ ዕቃው ከማን እጅ እንደ ወጣ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ይተው። በባቲ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ባለቤቱ ያልታወቀ በሬ ሲቀርብለት ርካሽነቱ ያስፈራዋል እንጂ አያስደስተውም፤ በስልክ መስኮት የሚታየውም ዕቃ በዚያው ፍርሃት ይገዛ። የሻጩ ፊት ባይታይም ፊት የሌለው ሻጭ የለም፤ ገዥ የማያየውንም እግዚአብሔር ያየዋል።