የሮምን ሃይማኖት ለሚመረምር ሰው የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እንስጠው?

በባሌ ደጋ፥ ከሳነቴ አምባ ሥር ባለችው በጎባና በጎረቤቷ በሮቤ በዚህ ዘመን የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው በቤተ ክርስቲያናችን የተጠመቀ፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ዳሩ ግን የካቶሊክን ሃይማኖት ሊመረምር ልቡ ተነሥቷል። «አባቴ፥ ትርጕሙ በዝቷልና የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ላንብብ?» ይለናል። ነገሩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የሮም መንበር ሮቤን ከመቂ ለይታ ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር አድርጋዋለችና፥ የሚመረምር ሰው የሚጠይቀውን አያጣም።

ጥያቄው የመጻሕፍት ነጋዴ የሚመልሰው ይመስላል፤ ነገር ግን የሕሊና ጥያቄ ነው። ለምን ቢሉ፥ መልስ የሚሰጠው ካህን ጠያቂው የሚያየውንና የማያየውን ይወስንለታልና። አንዳንድ ወንድሞቻችን «የእነርሱን አትንካ» ይላሉ። ሌሎችም «መጽሐፍ ሁሉ አንድ ነው፤ ያገኘኸውን አንብብ» ብለው ያሰናብታሉ። ፊተኛው መልስ ያስፈራራል፤ ኋለኛውም እውነት አይደለም፤ መጻሕፍቱ አንድ አይደሉምና።

አስቀድመን ቍጥሩን እንይ። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣውና በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው አማርኛ 66 መጻሕፍት የያዘ ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1546 በትሬንት ጉባኤ ያጸናችው 73 ነው፤ ጦቢት፥ ዮዲት፥ ጥበብ፥ ሲራክ፥ ባሮክና ሁለት የመቃብያን መጻሕፍት ይጨመሩበታል። የእኛ ደግሞ ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምሮ 81 ነው። እንግዲህ 66ቱን ብቻ ይዞ የሚመረምር ሰው የሮምንም የእኛንም መጽሐፍ ሙሉውን ሳያይ ሊፈርድ ነው።

«የእነርሱ 73፥ የእኛ 81፤ ስለዚህ የእነርሱ ሁሉ በእኛ ውስጥ አለ» እያሉ የሚመኩ መምህራን ሰምተናል። ሒሳቡ ያምራል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የእኛ ሦስቱ መቃብያን በስም ከግሪኩ መቃብያን ጋር ይመሳሰላሉ እንጂ ሌሎች መጻሕፍት ናቸው። የእኛው መጽሐፈ መቃብያን ቀዳማዊ ጺሩጻይዳን ስለ ተባለው ጣዖት አምላኪ ንጉሥና ለጣዖቱ አንሰግድም ብለው ስለ ሞቱት የመቃቢስ ልጆች ይናገራል። የግሪኩ ግን ይሁዳ መቃቢስ ከአንጥያኮስ ሠራዊት ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚተርክ ነው። ይህ ልዩነት ለምን ያስጨንቀናል ቢሉ፥ ካቶሊካውያን መምህራን ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ሥፍራ አለ ለሚለው ትምህርታቸው የሚጠቅሱት የግሪኩን ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ስለ ሆነ ነው፤ በዚያ ይሁዳ በጦርነት ለሞቱት ሰዎች መሥዋዕት እንዲቀርብ ገንዘብ ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም ይልካል። ጥቅሱን የሰማ የጎባ ልጅ የእኛን ካልእ መቃብያን ገልጦ ቢፈልገው አያገኘውም። ያን ጊዜ ወይ «ካቶሊኮች ዋሽተዋል» ይላል፥ ወይ «የእኛ አባቶች ቆርጠው ጥለውታል» ይላል። ሁለቱም ሐሰት ነው፤ ያሳተውም አስቀድሞ ያልነገረው መምህር ነው። ስለ ሙታን መጸለይ በእኛም ዘንድ ያለ ሥርዓት ነው፤ ፍትሐት ማድረሳችን ይታወቃል፤ ክርክሩ የጸሎቱ ምክንያት ምንድር ነው በሚለው ላይ ነው።

ከቍጥር ወደ ቃል ብንሻገር ደግሞ፥ ሰው እንደሚገምተው በትርጕም ውስጥ የተሰወረ ሃይማኖት ብዙ አናገኝም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ቍጥር 15 የእባቡን ራስ የሚቀጠቅጠውን የዕብራይስጡ ንባብ በወንድ አንቀጽ ይናገራል፤ ምዕራባውያን ለዘመናት ያነበቡት የላቲን ቩልጋታ ግን በሴት አንቀጽ ያደርገው ነበር። ሮም ራሷ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ባወጣችው አዲስ ቩልጋታ ቃሉን ወደ ዘሩ መልሳ አርማዋለች። ስለዚህ «መጽሐፉን ለወጡት» ብሎ መጮኽ የማያዋጣ ክርክር ነው።

በማቴዎስ ምዕራፍ 16 ግሪኩ ጴጥሮስ የሚለውን ስምና ጴትራ የሚለውን ዓለት በድምፅ ያያይዛቸዋል፤ አማርኛችን ስሙን እንዳለ ትቶ ዓለቱን ስለሚተረጕም ጆሮ መገናኘታቸውን አይሰማም። ይህን ለጠያቂው መንገር ይገባል፥ ምንም እንኳ ለሮም የሚረዳ ቢመስልም። ከዚያ በኋላ አባቶቻችን ዓለቱ ጴጥሮስ የመሰከረው ሃይማኖት ነው ብለው እንዳስተማሩ እንነግረዋለን፤ ካቶሊካውያንም ስለ ራሱ ስለ ጴጥሮስና በመንበሩ ስለሚቀመጡት እንደሚተረጕሙት እንጨምርለታለን። ደግሞም በዮሐንስ ምዕራፍ 15 ስለ መንፈስ ቅዱስ መውጣት የካቶሊኩም መጽሐፍ የሚናገረው ከአብ ብሎ ነው፤ «ወወልድ» የሚለው ጭማሪ የገባው በጸሎተ ሃይማኖት ነው እንጂ በወንጌል አይደለም። ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የለየን ነገርም ያው አንዱን ንባብ በየበኩላችን የተረጐምንበት ነው።

እንግዲህ የሚለየን ንባቡ ሳይሆን ትርጓሜው ከሆነ፥ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ከገጹ ግርጌ ያለውን ማስታወሻ ማን እንደ ጻፈው ይጠይቅ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ሕግ በሕዝብ ቋንቋ የሚታተም መጽሐፍ ቅዱስ የጳጳሳት ፈቃድና በቂ ማብራሪያ እንዲኖረው ያዛል። እኛም ንባብን ያለ አንድምታ አናስተምርም፤ በዚህ ሁለታችን እንመሳሰላለን።

«እረኛ ለበጉ የሌላውን በረት መንገድ ያሳያልን?» የሚል ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኛም ያጠመቅነው ልጅ ከእኛ ቢለይ ኀዘናችን ጽኑ ነው። ነገር ግን አፄ ሱስንዮስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡን በአዋጅና በጦር ሊያስከትሉት በሞከሩ ጊዜ አባቶቻችን ያን ያህል ደም ያፈሰሱት፥ ሃይማኖት በግድ አይሰጥም ብለው አይደለምን? በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ድል ያደረገው ይኸው ነበር። በግድ አይሰጥም ያልነውን በመሰወር እንያዘው ብንል ያን ምስክርነት ራሳችን እናፈርሰዋለን።

ከዚህ ይልቅ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ያደረጉት ይሻላል። እኒህ መነኵሴ በሮም ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሳሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1548 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ አወጡ። የግብረ ሐዋርያት ቅጂያቸው ጐደሎ ስለ ነበረ የሚበዛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ መልሰው ሞሉት፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ በዚያው መጽሐፍ አትመው አንባቢውን ይቅርታ ጠየቁ። በጳጳሱ ከተማ፥ በጳጳሱ ዘመዶች መካከል ተቀምጠው ከየት እንዳመጡት ተናገሩ።

ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለውን ጠያቂ፥ ቤተ ክርስቲያናችን በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችውን 81ዱን እንዲይዝ እንመክረዋለን፤ የሚተወውን ቤት ሳያውቅ አይውጣና። ካቶሊካዊ እትም ኤማሁስ የሚባለውን አማርኛ ደግሞ ተውሶ ጎን ለጎን ያንብብ፤ የ1954ቱንም እንደ ሦስተኛ ምስክር ይጠይቀው። በኦሮምኛ የሚጸልይ ሰው በኦሮምኛ ያንብብ፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካሳተሙት ወዲህ ያ ቋንቋ መጽሐፍ አላጣም። ትምህርቱን ጀምሮ ልቡ ወደዚያ የቈረጠ ከሆነ ግን ኤማሁስን ራሱን ይግዛ፤ የሚገባበትን ቤት ከእኛ አፍ ሳይሆን ከራሱ መጽሐፍ ይወቀው። በዚያ በኩል በግእዝ የሚቀድሱ ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን ቢያገኝም፥ ዜማው ስለ ተመሳሰለ ትምህርቱ አንድ ነው እንዳይል እንነግረዋለን።

81ዱንም በእጁ ስንሰጠው መቃብያን በሚጀምርበት ገጽ ኅዳግ ላይ፥ የግሪኩ ይህ እንዳይደለና ያ ጥቅስ በኤማሁስ እንደሚፈለግ በእርሳስ እንጽፍለታለን።