ምርኩዙን የት ላይ እንያዝ?

በአማርኛ ስፖርቱን «የምርኩዝ ዝላይ» ብለን መጥራታችን ደስ ይለኛል። ምርኩዝ ሲባል ሽማግሌ የሚደገፍበት፣ እረኛ የሚይዘው፣ በመዝሙር 23 ከበትር ጋር የተጠቀሰው ነገር ትዝ ይለናል። ሰው ክብደቱን የሚጥልበት ነገር ነው። ክብደትህን የምትጥልበትን ነገር መምረጥ ግድ ነው፤ ከመረጥክ በኋላም የት ላይ እንደምትይዘው መወሰን አለብህ። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ለጀማሪ ዘላይ የሕክምና ያህል ከባድ ናቸው። እኔ ግን እዚህ የማነሣቸው የሥነ ምግባር ጥያቄ ስላለባቸው ነው፦ ከአቅም በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ እምነት ነው ወይስ ትዕቢት? ዝቅ አድርጎ መያዝስ ትሕትና ነው ወይስ ፍርሃት?

በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሥራ በኋላ ጀማሪ ዘላዮችን አግዛለሁ። የእኛ ልጆች ሲመጡ ሁሉም ሰው ወደ ረጅም ሩጫ ይመራቸዋል፤ ስማቸውን ሳይጠይቅ እንኳ። ስለዚህ ከወጣቶች ኅብረታችን አንድ የ16 ዓመት ልጅ «ምርኩዝ መዝለል እፈልጋለሁ» ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ያ ደስታ በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ዘላዩ ተንደርድሮ መጥቶ የምርኩዙን ጫፍ መሬት ውስጥ በተቀበረ ሳጥን ውስጥ ይተክላል። የሳጥኑ ጥልቀት በመጨረሻው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ዘላዩ ከመሬት ሲነሣ፣ ምርኩዙ በታችኛው ጫፉ ላይ ዞሮ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ይሸከመዋል። ቀጥ ብሎ ከቆመና ካለፈ ዘላዩ ፍራሹ ላይ ያርፋል። ቀጥ ሳይል ከቆመ ግን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ወደ ኋላ የሚመልሰው ደግሞ ወደ ሳጥኑና ወደ መንደርደሪያው ነው፤ እዚያ ፍራሽ የለም።

ምርኩዙን ቀጥ የሚያደርገው የሩጫው ፍጥነት ነው። ከፍ አድርገህ በያዝክ ቁጥር ምርኩዙን ለማቆም የሚያስፈልግህ ፍጥነት ይጨምራል። ስድስት እርምጃ ብቻ የሚንደረደር ጀማሪ፣ በቴሌቪዥን የሚያያቸው ሰዎች ከሚይዙበት ቦታ ሊይዝ አይችልም። ፍላጎት ስለጎደለው አይደለም፤ ምርኩዙን የሚያቆምበት ፍጥነት ገና ስለሌለው ነው። እኛ የምናስጀምረው ምርኩዙን መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚደርስበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት በማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ከፍ የሚለው በጭብጥ፣ አንዳንዴም በሁለት ጣት ነው። ከፍ ማለት ያለበት መቼ እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ፍራሹ ነው። በፍራሹ መካከል ደጋግሞ ካረፈ ምልክቱ ከፍ ይላል፤ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠግቶ ካረፈ ዝቅ ይላል። የልጁ ስሜት፣ የጓደኞቹ ጭብጨባ፣ የእኔም ተስፋ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም።

ሁለተኛው ነገር የምርኩዙ ጥንካሬ ነው። እያንዳንዱ ምርኩዝ ላይ አምራቹ የክብደት ልክ ያትምበታል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንብ፣ ይህ ልክ ከዘላዩ ክብደት ማነስ የለበትም። 140 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 63 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ130 ምርኩዝ መዝለል አይፈቀድለትም። ምክንያቱም የላላ ምርኩዝ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ዘላዩን ወዳላሰበው ጎን ይወረውረዋል። በኢሳይያስ 36 ስለ ግብፅ የተነገረው፣ የሚደገፍበትን ሰው እጅ ስለሚወጋው ሸምበቆ የሚናገረው ምሳሌ፣ ለእኔ ከዚህ ሥራ ወዲህ ምሳሌ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በደንቡ መሠረት የላይኛው እጅ ከምርኩዙ አናት አጠገብ ከተሠመረው ቀለበት ማለፍም አይችልም።

ደንቡ ይህን ያህል ነው። አሁን ልብ በሉ፦ ከቀለበቱ በታች የት እንደምትይዝ ማንም ዳኛ አይጠይቅህም።

ያ ልጅ 140 ፓውንድ ይመዝን ነበር። የሰጠነው ምርኩዝ ልኩ 150፣ ርዝመቱ 12 ጫማ ነበር፤ 3 ሜትር ከ66 ማለት ነው። ደንቡ ተሟልቷል። ቁጥሩን አየሁ፣ ቅጹን ሞላሁ፣ ኅሊናዬም ዐረፈ። በሦስተኛው ሳምንት ምልክቱን ትቶ ከላይኛው ቀለበት ሥር ያዘ። አየሁት። «ዝቅ አድርገው» አልኩት።

«ጋሼ፣ እምነት የለዎትም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። አንቱታውን ከእናቱ የተማረ ልጅ ነው፤ እዚህ አገር ለተወለደ ብርቅ ነው። «ጴጥሮስስ በውሃ ላይ ሄዶ የለም?»

ሳቅኩ። ሳቄን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ሮጠ፣ ተከለ፣ ተነሣ። ምርኩዙ ግማሽ መንገድ ላይ ሲዘገይ፣ ከዚያም ሲቆም አየሁት። አየር ላይ ቆሞ የቀረ ልጅ ማየት ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም። ወደ ኋላ መጣ። ጀርባው የፍራሹን ጠርዝ መታ፣ አንድ ተረከዙ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ አበጠ እንጂ አልተሰበረም። ለእናቱ ስልክ ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ስለ ራሴ ነው። ደንቡን አላፈረስኩም። ግን ደንቡ አንዱን በር ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ የላላ ምርኩዝ እንዳይሰበር። በሌላው በር፣ ማለትም ጠንካራ ምርኩዝ ከፍ ተደርጎ ሲያዝ ቀጥ ሳይል በመቅረቱ የሚመጣውን ጉዳት፣ ለአሠልጣኙ ዓይንና ለዘላዩ ኅሊና ትቶታል። እንዲያውም ከልጁ ክብደት በላይ የሆነ ምርኩዝ መስጠታችን «ይበልጥ አስተማማኝ ነው» በሚል እንድንዘናጋ አድርጎናል። ሕግ የፈጸመ ሰው ልቡን መመርመር ሲያቆም የሚደርስበትን፣ ጌታ ለፈሪሳውያን ስለ አዝሙድና ስለ እንስላል አሥራት ሲናገር ከጠቆመው ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ቁጥሩን አይቼ ልጁን አላየሁም።

የልጁን ጥያቄ ግን በቀልድ ማለፍ አልፈልግም፤ በወጣቶች ኮንፈረንሶቻችን ላይ ይህ ጥያቄ በሌላ ልብስ ዘወትር ይመጣልና። አንድ ወጣት በመጨረሻው ምሽት መድረክ ፊት ወጥቶ ሕይወቱን ሙሉ ለሚስዮን እሰጣለሁ ይላል፤ የቤት ሥራውን ግን ለሦስት ሳምንት አልሠራም። እኛም «አሜን!» እንላለን። ቃሉ ከፍ ያለ በመሆኑ እምነቱም ከፍ ያለ ይመስለናል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያርፍበት ፍራሽ አላዘጋጀንለትም።

ጴጥሮስ ከታንኳው የወረደው ግን ፍላጎቱ ስለገፋው ብቻ አይደለም። አስቀድሞ እንዲያዘው ለመነ፤ «ና» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ወረደ። በአንጻሩ በማቴዎስ 4 ላይ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር የሚል ድምፅ አለ፤ ያም ድምፅ ጥቅስ ይጠቅሳል። ጌታ ያንን ለመፈጸም እምነት አላነሰውም። እምቢ ያለው አብን መፈታተን ስለሆነ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በከፍታው ላይ አይደለም፤ የተጠራህበት ነው ወይስ ራስህ የመረጥከው ትርኢት ነው የሚለው ላይ ነው። ለልጁ በማግስቱ ይህን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ‹ና› መባሌን በምን ዐውቃለሁ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙሉ መልስ የለኝም፤ ነገር ግን ቢያንስ በዚህ ሜዳ ላይ፣ ትናንት የት እንዳረፍክ ማየት የመልሱ አንድ ክፍል ይመስለኛል።

ሌላም ታሪክ አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳፍረኛል። አንዲት ዘላይ በቅጿ ላይ 118 ፓውንድ ብላ ጽፋ በ120 ምርኩዝ ትዘል ነበር። መንደርደሪያዋን ስናስረዝም ምርኩዙ ለጀማሪ ከሚገባው በላይ መታጠፍ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ፍራሹ የግራ ጠርዝ ጣላት። ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። ውሸት ነው፤ ደግሞም አደገኛ ውሸት ነው፤ የሚጎዳው ራሷን ብቻ አይደለም፣ ቅጹን አምኖ የፈረመውን አሠልጣኝና ነገ ያንኑ ምርኩዝ የምትወስደውን ልጅም ነው።

ለመገሠጽ ተዘጋጅቼ ሳለ፣ ሚዛኑ የት እንደነበር አስታወስኩ። በልብስ መቀየሪያው በር አጠገብ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም በሚያልፉበት ቦታ ነበር፤ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ለ15 ዓመት ልጅ እውነት መናገርን ያን ያህል ውድ ያደረግነው እኛ ነን። ይህ ውሸቱን እውነት አያደርገውም። ግን ኃጢአትን የሚገሥጽ ሰው፣ መንገዱን ማን እንዳንሸራተተው መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሚዛኑን ወደ ቢሮ አስገባነው፤ የሚያየው ዘላዩና ሴቷ አሠልጣኝ ብቻ እንዲሆኑ አደረግን። ልጅቱ በሁለተኛው ቀን ራሷ መጥታ ቁጥሩ 127 መሆኑን ተናገረች። የ130 ምርኩዝ ተሰጣት። ሌላ ነገርም ነገርናት፤ ዘላይ እየፈጠነና እየጎበዘ ሲሄድ ከክብደቱ እጅግ በላይ የሆነ ልክ የታተመበት ምርኩዝ ነው የሚይዘው። በዚህ ስፖርት ትልቁ ቁጥር የሚያሳፍር አይደለም። ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የታየውን እፎይታ አልረሳውም።

የራስ ያልሆነ ምርኩዝ ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የብራዚሏ ፋቢያና ሙረር በፍጻሜው ውድድር መካከል ከምርኩዞቿ አንዱ ጠፋባት። ፈለገች፣ ተከራከረች፣ አልተገኘም። ባልመረጠችው ምርኩዝ ዘለለችና ሳይሳካላት ቀረ። በ2011 ግን የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ይህን ለወጣቶች ስነግር ሁልጊዜ ዳዊትና የሳኦል ጥሩር ይነሣሉ። ዳዊት ጥሩሩን ያወለቀው ጥሩሩ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም፤ ስላልተለማመደው ነው። ትምህርት ቤቶች ግን ድሆች ናቸው፤ ያለን ምርኩዝ ካምና ከተመረቀ ልጅ የቀረ ሊሆን ይችላል። «ይኼ ለእርሱ ሠርቶለት ነበር» የሚለው ቃል በሜዳ ላይ ከምሰማቸው ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ የአንድን ታዋቂ አገልጋይ የጸሎት ሰዓት፣ የጾም ቀንና የድምፅ ቃና ተውሶ ለመዝለል የሚሞክር ወጣት ብዙ ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ «ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ» የሚል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ዝቅ አድርጎ መያዝም አደጋ አለው። ፍጥነቱ ያደገ ዘላይ አያያዙን ከፍ ካላደረገ ምርኩዙ ቶሎ ይዞርና ከፍራሹ መካከል አሳልፎ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ይጥለዋል። ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ትሕትና እየመሰለው ለሁለት ዓመት ከአንድ ምልክት ያልተነሣ ልጅ አውቃለሁ። «እኔ ጀማሪ ነኝ» ይላል ሁልጊዜ። በማቴዎስ 25 መክሊቱን የቀበረው ሰውም ስለ ራሱ በጣም ጥንቁቅ ነበር። ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ መሰጠቱ እዚያው ተጽፏል፤ ለአንዱ ሁለት ለሌላው አምስት መሰጠቱ ማንንም አላስወቀሰም። የተወቀሰው አንዱን መክሊት መሬት ውስጥ ያስቀመጠው ነው። ይህን ልጅ ከፍ እንዲል መገፋፋት ያንኛውን ዝቅ እንዲል ከማሳመን ይልቅ ከባድ ነው፤ የፈራ ሰው ምክንያቱን ሁሉ በትሕትና ቋንቋ መናገር ይችላልና።

ቁርጭምጭሚቱ ያበጠው ልጅ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ከመጀመሪያው ምልክት ጀመረ። አሁን ከዚያ አምስት ጭብጥ ከፍ ብሏል፤ በተጎዳበት ቀን ከያዘበት ግን ገና ዝቅ ያለ ነው። ባለፈው ሐሙስ ነፋሱ ከፊት ለፊት ይመጣ ነበር። የፊት ነፋስ ፍጥነት ይቀንሳል። እኔ ከሌላ ልጅ ጋር እያወራሁ ሳለ ዞር ብዬ አየሁት፤ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፕላስተሩን ነቅሎ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ ይለጥፍ ነበር። ማንም አልነገረውም። በጥርሱ የፕላስተሩን ጫፍ ቆርጦ ተነሣና ወደ መንደርደሪያው ጫፍ ሄደ።