አጥርቶ ስለ መስማት

ሰው ማየት ያልፈለገውን ነገር ዓይኑን ከድኖ ያልፈዋል፤ ለጆሮው ግን ቆብ አልተሰጠውም። ስለዚህ መስማት ያለ ድካም የሚገኝ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን መስማት አንድ ነው፤ አጥርቶ መስማት ሌላ ነው። አጥርቶ መስማት እንደ ማናቸውም መልካም ነገር ዕውቀትንና ልክን ይፈልጋል። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን አሳብ ከአንድ ተራ ጉዳይ፣ ይኸውም ከቤት ኮርኒስ ተነሥቼ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሸቤ፣ ዘፈን የማዳምጥባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒሷ ጠንካራ ጣውላ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ እንዲሰማኝ ኮርኒሷን ምን ላልብሳት ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ ምክር አላጣሁም። አንዱ አቡጀዲ ወጥርበት አለኝ፤ ሁለተኛው የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት አለኝ፤ ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር ስፖንጅ አልብሰው አለኝ። ሁሉም መድኃኒቱን አዘዙ እንጂ የኮርኒሱ በሽታ ምን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በሽታው ይህ ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከድምፅ ማጉያው 2 ሜትር ተኩል ርቄ ስቀመጥ፣ የዘፋኙ ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሮዬ ይመጣል፤ ከዚያው ድምፅ ከፊሉ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ኮርኒሱን መትቶ ይመለሳል። የኋለኛው የሚጨምረው መንገድ 1 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ መዘግየቱ አንድ ሴኮንድ ሺህ ቦታ ቢከፈል ከ4 ወይም ከ5 እጅ አይበልጥም። ጀርመናዊው ሔልሙት ሐስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት እንዳስረዳው፣ ጆሮ እንዲህ በጥቂቱ ዘግይቶ የሚመጣውን ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ኮርኒሱ የጨመረውን ሁሉ ጥላሁን ገሠሠ የዘፈነው ነው ብዬ አምናለሁ ማለት ነው።

የገደል ማሚቶ ዘግይቶ ስለሚመለስ ማንንም አያታልልም። የሚያታልለው ከእውነተኛው ድምፅ ጋር ተጣብቆ የሚደርሰው ነው። በሰውም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ወንድማችን አንድ ቃል ይናገረናል፤ ያም ቃል በልባችን ያለውን ቂም ወይም ፍርሃት መትቶ ይመለሳል። መልሱ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ፣ የእኛን ቂም እርሱ የተናገረው ቃል አድርገን እንቈጥረዋለን። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፅ የማዕበሉ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ወፍራም ድምፅ ግን 3 ሜትር ከ40 ነው። ለስላሳ ነገር ድምፅን በደንብ ውጦ እንዲያስቀር፣ ውፍረቱና ከኋላው ያለው ባዶ ቦታ ተደምረው ወደ ማዕበሉ ሩብ መድረስ አለባቸው። እንግዲህ አቡጀዲ በኮርኒስ ላይ ቢለጠፍ እጅግ ቀጭኑን የክራር ድምፅ ብቻ ወስዶ የቀረውን እንዳለ ይተወዋል። የእንቁላል ካርቶንም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ይህ ደካማውን ቀጥቶ ኀይለኛውን በነጻ የሚያሰናብት ዳኛ ይመስላል። ራሳችንን ስንመረምርም ብዙ ጊዜ እንዲህ እናደርጋለን፤ ትንንሹን ጥፋት አርመን ትልቁን እናልፈዋለን።

ከዳር እስከ ዳር ስፖንጅ ማልበስም ሌላ ጥፋት አለው። ተራ ስፖንጅ እሳት ቢነካው ፈጥኖ ይነዳል፤ ጢሱም መርዝ ነው። ከዚህም በላይ ክፍሉን ያደነዝዘዋል። አሜሪካዊው ዋላስ ሳባይን እ.ኤ.አ. በ1895 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5 ሴኮንድ ያህል የሚያስተጋባበትን የትምህርት አዳራሽ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራስ እያስገባና እያስወጣ፣ እያንዳንዱ ትራስ ምን ያህል ድምፅ እንደሚውጥ ለካ። ከዚህም ባገኘው ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1900 በተከፈተው በቦስተኑ የሙዚቃ አዳራሽ አሠራር ላይ መከረ። በዚያም የፈለገው የድምፁን ማስተጋባት ጨርሶ ለማጥፋት አልነበረም፤ ልኩን ለማግኘት ነበር እንጂ።

የእኔም ምርጫ በዚህ መንገድ ሄደ። ድምፁ ኮርኒሱን የሚመታበትን ስፍራ ለማግኘት ቀላል ዘዴ አለ። እኔ በወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወዳጄ መሰላል ላይ ቆሞ መስተዋት በኮርኒሱ ላይ ያንሸራትታል፤ ድምፅ ማጉያው በመስተዋቱ ውስጥ በታየኝ ጊዜ ስፍራው ያ ነው። ልብ በሉ፤ የተቀመጠው ሰው መስተዋቱን ሊይዝ አይችልም፤ መስተዋቱን የያዘውም ከተቀማጩ ወንበር ሆኖ ሊያይ አይችልም። ቤታችን በሰው ቃል ላይ የሚጨምረውን ለማወቅ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገናል። መስተዋት የሚይዝልን እውነተኛ ወዳጅ ነው።

ድምፅ ማጉያዎቹ ሁለት ስለ ሆኑ በሁለት ስፍራ ብቻ፣ ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተለውንና እሳት የማይዘውን ጥጥ መሰል ነገር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በእንጨት ክፈፍ አድርጌ፣ ከኮርኒሱ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ሰቀልሁት። በአገራችን የማይጠፋውን የቡና ጆንያ አለበስሁት፤ የመብራት ሽቦም አላስጠጋሁበትም። ይህ ከሰው ድምፅ ብዙውን ያጠራል፤ የከበሮውን ጥልቅ ድምፅ ግን አይችለውም። የቀረውን ኮርኒስ እንዳለ ተውሁት።

ይህ ሥራ የማያደርገውንም ልንገራችሁ። በጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ይዘንማል፤ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ጩኸት ይህ ለስላሳ ነገር አያስቀረውም። ድምፄ ወደ ጎረቤቴ እንዳይሄድም አይከለክልም፤ ለዚያ ከባድ ግድግዳና ከባድ ጣራ ያሻል፤ ያ ከሌለ ድምፅን መቀነስ ነው። ስለዚህ ለገዛ ጆሮዬ ምቾት ያደረግሁትን ለጎረቤቴ እንደ ዋልሁት ውለታ ልቈጥረው አይገባኝም።

ችግረኛ በበዛበት አገር ለዘፈን ማዳመጫ ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነውን? የሚል ቢኖር ጥያቄው ቀላል አይደለም። የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የሚፈርደው ሥራው አይደለም፤ ከሥራው የምንማረው ነው። በዚያችው ክፍል ውስጥ ጎረቤቴ መጥቶ በደሉን ሲነግረኝ፣ ለዘፋኙ የሰጠሁትን ጸጥታ ለእርሱም ከሰጠሁት ድካሜ አልጠፋም። ለዘፈን ጆሮዬን አጥርቼ ለሰው ካደነቈርሁት ግን፣ ያሳመርሁት ጣውላውን ብቻ ነው።