ሞጣ ለሚሄደው ቄስ

ልጄ፣ መስቀልህን ተሳልሜያለሁ፤ ቅስናህንም አከብራለሁ። ነገ ከቢቸና ተነስተህ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ከመግባትህ በፊት ግን እንደ አጎት ልምከርህ፤ «አንተ» ማለቴንም ለዛሬ ይቅር በለኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ «ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ መስጊዶች ጋዩ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ። ቀኑ ዓርብ ነው። በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት አልተፈታም። እስቲ አስበው፤ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ የሮጠው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ እንቁላል ቢቀርብለት «ጾም አይደለም እንዴ!» ብሎ ሚስቱን የሚቆጣ ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። አገሬው ሁሉ ዘራፊ ነው አልልህም፤ እኛ ቢቸናዎችም በሌላው ለመፍረድ አፋችን አይሞላም።

የኔ ሥጋት ያ ሰው ንስሐ አባቴ ብሎ አንተ ዘንድ የመጣ ቀን ነው። ስግደት ብታዘው ሳይሰለች ይሰግዳል። ለታቦቱ ጥላ ግዛ ብትለው ይገዛል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራም እልል ይባልለታል። ሰበካ ጉባኤው (ካህኑም ምእመኑም አብሮ የሚቀመጥበት ነው) ደረሰኝ ይቆርጥለታል እንጂ «ከየት አመጣኸው?» አይለውም። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሌባ የትም አገር አለ፤ ሌብነቱን ታቦት ፊት አጥበን የምንመልስለት ግን እኛ ነን። ልጆቻችንን የሰው ወርቅ አያደምቅ እያልን አሳድገን፣ መቅደሱን በሰው ወርቅ ስናስጌጥ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም!

ስለዚህ ስግደቱን አታስቀድም፤ አስቀድሞ ዕቃውን ይመልስ። አፍራለሁ ካለህ አትጫነው። የንስሐ ምሥጢር ነውና ስሙን አታውጣ፤ ዕቃውን ተቀብለህ አንተው አድርስለት። ለብሶት ወይም ሸጦ በልቶት ከሆነ ዋጋውን ይክፈል፤ ባንዴ ባይሞላለት እህሉ በገባ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይስጥ። «ለእስላም ደግሞ ምን ይመለሳል?» የሚል የሥራ ባልደረባ አታጣም። ከሱ ጋር ክርክር አትግጠም፣ ሥራህን ሥራ።

ባለ ሱቁ ዘንድ ስትሄድ ጥምጥምህን ጠምጥመህ፣ በጠራራ ፀሐይ ሂድ። ማን ላከህ ቢልህ አትንገረው፤ ብሩን ግን ፊትህ ይቁጠረው።