«ወዴት ልሂድ?»

ጉዳይ ላስፈጽም ከሄድኩበት መሥሪያ ቤት «ከምሳ በኋላ ይመለሱ» ተባልኩና ደጃፉ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አልኩ። ጋዜጣዬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ዘበኛው ከወንበሩ ሌላ ጫፍ ጋደም ያለ ልጅ እየቀሰቀሰ ነው።

«ተነስ! እዚህ መተኛት ክልክል ነው።»

ልጁ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «እሳቸውስ?»

ዘበኛው ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ጋዜጣዎ ወድቋል» ብሎ አነሳልኝ። ልጁ ማዳበሪያውን እየጠቀለለ «ወዴት ልሂድ?» ሲለው «ከዚህ ብቻ ሂድ!» አለው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጄረሚ ዋልድሮን የተባለው የሕግ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ቤት አልባነትና ነጻነት ባሳተመው ጽሑፍ የያዘው ይህንኑ ነው። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ነው። የራሱ ቦታ ለሌለው ሰው የቀረው የሕዝብ ቦታ ነው፤ እዚያ መተኛት ከተከለከለ ጨርሶ እንዳይተኛ ተከለከለ ማለት ነው። እኔ ከወንበሩ ብባረር ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።

አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ያለችው ግራንትስ ፓስ ከተማ በመናፈሻ ብርድ ልብስ ለብሶ ያደረን ሰው 295 ዶላር ትቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ። ደንቡ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ቤት አልባነትን አይደለም፤ ለሽርሽር የመጣ ሰውም ቢያደርገው ያው ነው ተባለ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። የእኛን ዘበኛ ግን አላዩትም።

እኛም የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ወጥቶልናል። «ለመሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው» ከሚል ሐሳብ ተነስቶ የድርጊቶች ዝርዝር ያስከትላል፤ ለተጠርጣሪውም ዋስትና ነፈገ። የሚታይ፣ ለማን? (የቋንቋ አስተማሪ ነበርኩና «ቦዘኔ» የምትለዋ ቃል ትከነክነኛለች። አማርኛችን ሥራ ፈትና ሥራ አጥ ብሎ የለየውን ሁለት ሰው በአንድ ገመድ ታስራለች።) በርግጥ ማታ ኪሱ የተዳበሰ ሰው በፍልስፍና አይጽናናም። ሌባ በሌብነቱ ይከሰስ፤ ያ ልጅ ግን ከእንቅልፉ በቀር ምንም አልሠራም።

ዘበኛውን ብዙም አልወቅሰውም። ልጁን ባይቀሰቅስ እሱም ይባረራል፤ ከዚያ የእሱስ መተዳደሪያ በምን ይታያል? እኔ ግን «ተወው፣ ይተኛ» ለማለት አፌን ምን ያዘው? ከምሳ በኋላ ጉዳይ ነበረኝ።